መኪናህ ደጋ ወጥታለች፣ ቅንብሯ ግን ቆላ ቀርቷል

ከደጀን አንድ ወንድም ጽፎልኛል። ጥያቄውን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ። ካርቡራተር ናት። አምና መተማ ከሚሠራ ሰው ነው የገዛኋት። እሱ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎኝ ነበር፤ እኔ ጋ ግን 9 እንኳ አልሞላ አለች። ሽታዋ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ ጠዋት ጠዋት ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባል ማግኔት አግኝቻለሁ፣ ታንክ ውስጥ የሚጨመር ኪኒንም አለ። የትኛው ይሻለኛል? ወይስ ካርቡራተሯን ልቀይር? ብዙ ብር የለኝም፣ አደራ።»

ወንድሜ፣ ማግኔቱንም ኪኒኑንም አትግዛ። ካርቡራተሯንም፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ ገና አትቀይር። መልሱ ግማሹ አንተው ደብዳቤ ውስጥ አለ፦ መተማ ያልከው። መኪናዋ የኖረችው 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ቆላ ነው። አሁን ያለችው ደጀን ነው፣ ከ2400 ሜትር በላይ፣ ጠዋት ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ። እዚህ ማርቆስ ከቆላ የመጣ መኪና ነዳጅ በላ ተብሎ ጋራዥ ሲገባ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እዚያ እያለ ምን ወለቀበት፣ ምን ተነካካበት ብዬ ነው። አዲስ ነገር መጨመር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የወለቀውን መመለስ፣ ቅንብሩን ለደጋ ማስተካከል ነው ሥራው፣ ወጪውም ከአንድ ጎማ ዋጋ ያንሳል።

ከዚያ በፊት ግን 9 ያልከው እውነት 9 መሆኑን እንወቅ። የነዳጅ ጌጅ አይታመንም። ታንኩን አፉ ድረስ ሙላ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጻፍ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ንዳ፣ እዚያው ማደያ እዚያው ማሽን ላይ ተመልሰህ እንደገና ሙላ። የሄድከውን ኪሎ ሜትር ለሁለተኛው ሊትር አካፍል። ወረፋው አስመርሮህ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከምትገዛው ጋር ከቀላቀልከው ሒሳቡ አይሠራም፤ አንዱ ሃይላንድ ሊትር ላይሞላ ይችላል፣ ሌላው ውስጥ ምን እንደተደባለቀ አታውቅም። ደግሞ የጎማህን የመጠን ቁጥር መኪናዋ ይዛ ከወጣችው ጎማ ቁጥር ጋር አስተያይ። የቀድሞው ባለቤት ተለቅ ያለ ጎማ አስሮ ከሆነ ቆጣሪው ከሄድከው መንገድ አሳንሶ ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ መኪናዋ ሳትበላ የበላች ትመስልሃለች።

እውነት 9 ከሆነ፣ የሞተሩን ቴርሞስታት ፈልግ። እኔ ብወራረድ የለም እላለሁ። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ውሃው ወደ 82 ዲግሪ ሲደርስ የሚከፍት ትንሽ ዕቃ ነው። ቆላ አካባቢ መኪና ሲፈላ ብዙ መካኒክ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን አውልቆ መጣል ነው። ለጊዜው ይበርድለታል። ያቺ መኪና ወደ ደጀን ስትመጣ ግን ሞተሯ ቀኑን ሙሉ ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል። የቀዘቀዘ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፣ ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ዘይቱን እያጠበ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሞተሩ ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል። በራዲያተር ውሃ ሙቀት የሚከፈት ቾክ ያለው ካርቡራተር ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ ቾኩ በግማሽ ተዘግቶ ይውላል። የጠዋቱ ጥቁር ጭስ ከዚህ ሊሆን ይችላል።

እንዴት ታውቃለህ? ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ አስነሣና የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ቱቦ በእጅህ ያዝ፣ ቬንቲሌተሩን እየተጠነቀቅክ። ቴርሞስታት ካለ ቱቦው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይግላል። ከሌለ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ ይላል። አዲስ ስትገዛ ሳታስገጥም ድስት ውስጥ ሞክረው። ውሃ ውስጥ ክተተውና ጣደው፣ መክፈት ሲጀምር በዓይንህ ታየዋለህ። ደጀን ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ውሃው ፈልቶም ቴርሞስታቱ ካልከፈተ መልስለት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ቴርሞስታቱ የወለቀው መኪናዋ ስለምትፈላ ከሆነ፣ የምትፈላበትን ምክንያት ሳታክም አትመልሰው። ራዲያተሩን አሳጥብ፣ የቬንቲሌተሩን ቺንጋ እይ፣ የራዲያተሩን ክዳን ቀይር። ክዳኑ ርካሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ ውሃውን በግፊት ይዞ በ92 ዲግሪ እንዳይፈላ የሚያደርገው እሱ ነው። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ይዞ የዓባይን ዳገት የወጣ መኪና ስንቱ ሄዱን፣ የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ አቃጥሎ ቆሞ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ካርቡራተሯ ነው። አየሩ እንደ ደጀን ባለ ከፍታ ላይ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ቤንዚኑን አየሩ በሳሳው ልክ አይቀንስም። ኢንጀክሽን መኪና ሴንሰር ስላለው ራሱ ያስተካክላል፤ የአንተዋን ግን ሰው ነው የሚያስተካክላት።

ካንዴላዎቹን፣ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያነዱትን፣ አውጣ፣ የሞተሩ ነገር እነሱ ላይ ተጽፏል። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ለብሶ እንደ ከሰል ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል። ፈካ ያለ ቡናማ፣ የብስኩት መልክ ያለው ጥሩ ነው። ነጭ ሆኖ ካበጠ ቤንዚን አንሶታል፣ ያ አደገኛ ነው። እርጥብና በዘይት የተነከረ ከሆነ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎሚኒ አልቋል ማለት ነውና እሱ ሌላ ጉዳይ፣ ሌላ ወጪ ነው። የአንተዋ በጻፍከው ሽታ እንደ ከሰል ጠቁራ እንደምትወጣ እገምታለሁ።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። አየር ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ፀሐይ አንሥተህ እይ፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። ኢንጀክሽን መኪና ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ነዳጅ ላይ ብዙም አያመጣም፣ በአሮጌ ካርቡራተር ግን በቀጥታ ያስበላል። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ግሎ እያለ የሚኒሞዋን፣ ማለትም ቆማ ሳለች የምትዞርበትን ዝቅተኛ ዙር የሚወስነውን፣ የቤንዚን ብሎን ቀስ እያልክ ወደ ውስጥ አጥብቅ፣ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አቁም፣ ድምፁ እስኪስተካከል ግማሽ ዙር ያህል መልስ። ያ ለሚኒሞ ነው።

መንገድ ላይ የምትበላውን የሚወስነው ዋናው ጂግለር ነው፤ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ብሎን። ቁጥር ተጽፎባታል። መኪናዋ ይዛ ከወጣችው ቁጥር ጋር አስተያየው። ልጅ መካኒክ ሆኜ የተዘጋ ጂግለር በሽቦ ጠርጌ መልሼ አስሬ ነበር። መኪናው ተነሣ፣ ባለቤቱም አመሰገነኝ፤ በሳምንቱ ግን ነዳጁ አለቀብኝ ብሎ መጣ። ናስ ለስላሳ ነው፣ ሽቦው ቀዳዳውን አስፍቶት ኖሯል፣ እኔም ጂግለሩን በራሴ ብር ገዝቼ ተካሁለት። ከዚያ ወዲህ በኮምፕረሰር አየር ብቻ ነው የማጸዳው። ካርቡራተርህን የሚያጥብልህ ልጅ ሽቦ ሲያነሣ ካየህ እጁን ያዘው።

ደጋ ላይ አንድ ቁጥር ያነሰ ጂግለር ማስገባት ይቻላል፣ ለውጡም ይታያል። ግን አንተ ደጀን ነህ። ጎሃ ጽዮን ስትሄድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደህ ድልድዩን ተሻግረህ ትወጣለህ። ታች ወንዙ ጋ አየሩ ወፍራም ነው፤ ለደጋ የጠበበ ጂግለር እዚያ ቤንዚን ያጥረዋል፣ እሱም ሰውና ዕቃ ጭነህ ዳገቱን ስትጀምር፣ ሞተሩ በጣም በሚለፋበት ሰዓት። ስለዚህ ለአንተ ከአንድ ቁጥር በላይ አትቀንስ። በወር አሥር ጊዜ የምትወርድ ከሆነ ጨርሶ ዋናውን ቁጥር ያዝ፣ ሌላውን አስተካክል። ሁለት ሦስት ቁጥር ቀንሰው ፒስቶን ያቀለጡ አሉ።

ሌላዋ የተረሳች ነገር ከካርቡራተር ወደ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው ዕቃ) የምትሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦ ናት። ረጋ ብለህ በምትነዳበት ሰዓት የካንዴላውን እሳት የምታስቀድመው እሷ ናት፣ ስትሰነጠቅ ማንም አያስተውላትም፣ ምክንያቱም መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ነዳጅ ብቻ ይበላል። ካርቡራተር በኩል ያለውን ጫፏን ነቅለህ በአፍህ ሳብና ምላስህን ድቀንባት። ምላስህን ይዛ ከቆየች ደህና ናት። አየሩ ወዲያው ከተመለሰ ወይ ቱቦዋ ተሰንጥቃለች ወይ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ያለው ሽፋን ተቀዷል። ቱቦዋ የሳንቲም ዕቃ ናት። ታይሚንጉንም፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ በመብራት አሳይ። ደጋ ላይ ከመጽሐፉ ሁለት ዲግሪ ያህል ማስቀደም ይረዳል፣ ግን ከዓባይ ስትወጣ ሞተሩ ጠጠር እንደተጣለበት ቆርቆሮ ከተንኳኳ ወዲያው መልሰው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው፣ ግን አትናቀው። ጥቂት ከነዳህ በኋላ ፍሬን ሳትነካ ቀስ ብለህ ቆመህ ወርደህ አራቱንም ቸርኬ በእጅህ ጀርባ ዳስስ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። በክሪክ አንሣና አሽከርክረው፣ በነፃ ካልዞረ የምትነዳው ፍሬን ይዘህ ነው። የእጅ ፍሬን ገመድ ዝጎ የኋላውን መያዝ ዲኤክስ ላይ የተለመደ ነው። ጎማ ንፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ለካ፤ በሩ ላይ ወይም መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ነው ልኩ። ጎሚስታው በዓይኑ አይቶ «በቂ ነው» ሲልህ አትመነው፣ የራስህ መለኪያ ይኑርህ። ጣሪያው ላይ ያለውን ፖርቶመጋላ ደግሞ የማትጭንበት ከሆነ ፍታው። ከደጀን ማርቆስ ሜዳውን ስትነዳ ነፋሱን የሚጎትተው እሱ ነው፣ ለመፍታት ደግሞ ቁልፍ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ።

ስለ ማግኔቱ ለምን አትግዛ እንዳልኩህ ልንገርህ። ቤንዚን ማግኔት የሚስበው ነገር አይደለም፣ ቱቦው ላይ ብታስረው ቤንዚኑ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። ኪኒኑም፣ ውሃን በባትሪ ኤሌክትሪክ ወደ ጋዝ ይለውጣል የሚባለው ዕቃም ያው ነው፤ ለዚህኛው ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ዲናሞ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ያንተው ሞተር፣ ያንተው ቤንዚን ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሯል፣ ጥቂቶቹ ኢምንት ለውጥ አሳዩ እንጂ አብዛኞቹ ምንም አላመጡም። ያንን ብር ቴርሞስታትና ካንዴላ ግዛበት።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር አይሆንልኝም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ዓባይን በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገቡ፣ የሚወርዱ አሉ፣ ጭራሽ ሞተር የሚያጠፉም አሉ። ወንድሜ፣ በእናትህ ይህን እንዳታደርግ። ትንሽ ሞተር በሚኒሞ በሰዓት አንድ ሊትር እንኳ አይጨርስም፣ ስለዚህ ቁልቁለቱን ሙሉ ሞተር ብታጠፋ የምታተርፈው ከአንዲት ሃይላንድ ያነሰ ነው። የምታጣው ግን ፍሬንህን ነው። ሞተር ሲጠፋ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጥክ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ቁልፉን አብዝተህ ካዞርክ መሪው ይቆለፋል። በፎሌ ደግሞ ፍሬኑ ብቻውን ይዞ ይወርድና ይግላል፣ ሲግል አይዝም። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ እግርህን ከቤንዚን አንሥተህ ውረድ።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ፦ ልኬቱ፣ ቴርሞስታቱ፣ ፊልትሮና ካንዴላው፣ ቱቦዋ፣ ፍሬኑ። ጂግለሩን መጨረሻ ላይ አድርገው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይርና እንደገና ለካ፣ አለዚያ የትኛው እንደረዳህ አታውቅም። ከመነካካትህ በፊት ግን አራቱን ካንዴላ ከሞተሩ በወጡበት ተራ ነጭ ወረቀት ላይ ደርድረህ ፎቶ አንሣና ላክልኝ፣ ጂግለሯ ላይ ያለውን ቁጥርም ጻፍልኝ።