ገንዘቡን ከማሰባሰብሽ በፊት ልጁ በምን እንደሚነሳበት እወቂ

እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ። የሰባት ዓመት ልጅሽ ጠዋት ጠዋት እያስነጠሰው፣ ዓይኑንም እያሳከከው ተቸግረሻል። ውጭ ያለችው እህትሽ «አለርጂን ከሥሩ የሚነቅል አዲስ መርፌ አለ» ብላሻለች። ገንዘብ ላሰባስብ ወይ ነው ጥያቄሽ። እኔም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ እንደሱ የሚያደርጋት ልጅ እያሳደግኩ ነው። ገና ከአልጋ ሳትወርድ አፍንጫዋን በመዳፏ ወደ ላይ እየገፋች ታሻለች፤ ከማሸቷ ብዛት አፍንጫዋ ላይ አግድም መስመር ወጥቶባታል። ልጅሽን እየው፣ እሱም ሊኖረው ይችላል።

እህትሽ የምትለው እዚህ ክሊኒክ የምንወጋውን ዴክሳ አይደለም። ዴክሳ ለጊዜው ያበርዳል፣ አለርጂው ግን እዚያው ነው። አንድ ክሊኒክ በየወሩ ትወጋ ሲለኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው፤ መደጋገሙ የልጅን እድገት ይጎዳል።

ከሥር የሚሠራው ሰውነትን የማለማመድ ሕክምና ነው። ሊዮናርድ ኑን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የሣር ብናኝ እየወጋ ሞክሮ ውጤቱን በ1911 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ሰውየውን የሚያስነጥሰውን ያንኑ ነገር በጣም በትንሹ ይሰጡታል፣ ቀስ እያሉ ይጨምሩለታል። ሰውነቱም ውሎ አድሮ ይለምደዋል። ዛሬ ምላስ ሥር የሚቀመጥ ክኒንም አለ። የመጀመሪያው ክኒን ሐኪም ዘንድ ተወስዶ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፣ የቀረው እቤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ያህል ይወሰዳል። ረጅም ነው፣ ግን ካቆሙት በኋላም ጥቅሙ ለዓመታት ይቆያል። እኔ ተስፋ የማደርገው በሱ ነው።

ሌላው ኦማሊዙማብ የሚባለው መርፌ ነው። አለርጂን የሚቀሰቅሰውን አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ደም ውስጥ እንዳለ ይይዘዋል። አሜሪካ በ2003 እ.ኤ.አ. ለአስም፣ በ2024 ደግሞ ለምግብ አለርጂ ፈቅዳዋለች። የሚሠራው እየተወጉት እስካሉ ድረስ ነው፤ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ለማስነጠስ ብለሽ ቤትሽን አታራቁቺ።

ማለማመዱ ደግሞ ልጁ በምን እንደሚነሳበት ሳይታወቅ አይጀመርም። የቆዳ ምርመራ አለ፦ ክንዱ ላይ ጠብታ ያደርጋሉ፣ በስሱ ይወጉታል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ የወባ ትንኝ እንደነከሰው ካበጠ በዚያ ነው ማለት ነው። የውጭዎቹ ክኒኖች የተሠሩት በአብዛኛው ለነሱ አገር ሣርና ዛፍ፣ እንዲሁም ፍራሽ ውስጥ ለሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ተባዮች ነው። በኛ አገር አየር ላይ ግን ሌላም አለ። ፓርቲኒየም የሚባለው አረም በየመንገዱ ዳር፣ በየባዶው ቦታ ነጭ አበባውን ዘርግቶ ታይዋለሽ። ብናኙ አፍንጫንም ቆዳንም ያስቆጣል። አቦ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው! ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አረሙን ማሳ ላይ አጥንቶታል። የልጆቻችንንም አፍንጫ እንደዚያ የሚያጠና ሐኪም ቢነሳ፣ ለኛው ብናኝ የሚሆነው ሕክምና ከዚሁ ይጀመር ነበር።

እስከዚያው ሐኪሙን ስለ አፍንጫ ስፕሬይና ስለማያስተኛ የአለርጂ ክኒን ጠይቂው። ውጭ ተጫውቶ ሲገባ ፊቱን ይታጠብ፣ ልብሱን ይቀይር። አረሙ ደጃፍሽ ካለ ሳያብብ ይነቀል፣ በባዶ እጅ ግን አይሁን።

አንድ ነገር ሳትነግሪን ቀረሽ፦ ሌሊት ያስለዋል? ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል? ካፏጨ ነገ ዛሬ ሳትዪ አስም እንዳይሆን አስመርምሪው።