የሴቶችን ልብ ወለድ ለምታነቡ ወጣቶች፤ ከመፍረዳችሁ በፊት ተራኪውን ጠይቁ

ውድ ወጣት አንባቢያን፣

ረጅም ዘመን በአርታዒነት ስሠራ ቆይቼ አሁን የማነበው ለራሴ ደስታ ቢሆንም፣ እናንተ ስለ መጻሕፍት የምትጽፉትን መከታተል አልተውኩም። በቅርብ ዓመታት ሴቶች ስለ ሴቶች ሕይወት የጻፏቸውን ልብ ወለዶች በጉጉት የምታነቡትና የምትከራከሩባቸው እናንተ ናችሁ፤ ይህም ያስደስተኛል። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ መጽሐፉን የምትመዝኑት በዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጠባይ እንደሆነ አስተውያለሁ። “ራስ ወዳድ ናት”፣ “ልጇን ትታ መሄዷ አናደደኝ”፣ “እንዲህ ያለች ጓደኛ እንድትኖረኝ አልፈልግም” ትሉና መጽሐፉ ደካማ ነው ወደሚል ድምዳሜ ትሻገራላችሁ። ሴትዮዋን መውደድም መጥላትም መብታችሁ ነው። መጽሐፉን መመዘን ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ያም ሥራ በእኔ እምነት የሚጀምረው ይህችን ሴት የሚያሳየን ማን ነው ብሎ ከመጠየቅ ነው።

ነፍሰ ገዳይ፣ ሰካራም ወይም ቤተሰቡን የበተነ ወንድ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲሆን፣ ወዳጄ ላደርገው አልፈልግም ብሎ መጽሐፉን የሚጥል አንባቢ እምብዛም አይገኝም፤ እንዲያውም ጥልቅ ሥራ ነው እየተባለ ይወደሳል። ደግ ሆና እንድትገኝ የምንጠብቃት ሴቷን ብቻ ነው። ይህን የማነሣው ልወቅሳችሁ ብዬ አይደለም፤ ልማዱ ከእናንተ በፊት የነበረ ነውና።

“የሴቶች ልብ ወለድ” የሚባለው መደብም ቢሆን ከመጽሐፉ ይልቅ ስለ ገበያው የሚናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ ልብ ወለድ በብሪታንያ ለሚሰጠው የቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዝርዝር የተመረጡት 6 ደራስያን ሁሉም ወንዶች ስለነበሩ፣ በዚያ የተቆጡ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ሴቶች ብቻ የሚሰጥ ሽልማት አቋቋሙ፤ ሽልማቱም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ዛሬ የሴቶች የልብ ወለድ ሽልማት ተብሎ የሚታወቀው ይኸው ነው። ይህን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2023 ያሸነፈው የባርባራ ኪንግሶልቨር “ዲመን ኮፐርሄድ” ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ አንደበት የሚተርከው ድኻ ሆኖ የተወለደ ወንድ ልጅ ነው። ስለዚህ ከመደርደሪያው ስምና ከሽፋኑ ላይ ብዙ የሚገኝ ነገር የለም፤ ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ወደ ውስጥ ስትገቡ ምን እንደምትፈልጉ ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየኝ የደቡብ ኮሪያዊቷ የሃን ካንግ “ዘ ቬጀቴሪያን” ነው። በኮሪያኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ፤ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፉን የቡከር ሽልማት ከተርጓሚዋ ጋር ተጋራ፤ ደራሲዋም እ.ኤ.አ. በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ታሪኩ ባየችው ሕልም ምክንያት ሥጋ መብላት ያቆመች ዮንግ ሄ የምትባል ሴት ታሪክ ነው። ብዙ ወጣቶች “ለምን እንዲህ እንደምታደርግ አልገባኝም፤ ባዶ ሰው ናት” ብለው ሲጽፉ አንብቤአለሁ። እስቲ መጽሐፉ እንዴት እንደተሠራ ተመልከቱ። ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያውን የሚተርከው ባሏ ነው፤ ያገባትም ምንም የተለየ ነገር ስላልታየባት እንደሆነ ገና በመክፈቻው ላይ ያለ ኀፍረት ይነግረናል። ሁለተኛው ክፍል የእኅቷን ባል ተከትሎ ይሄዳል፤ ይህ ሰው የሚመኘው ገላዋን ነው። ሦስተኛው የእኅቷ ነው። የዮንግ ሄ የራሷ ድምፅ የሚሰማው በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ እዚህም እዚያም በገቡ አጫጭር የሕልም ቁርጥራጮች ብቻ ነው። እንግዲህ ባዶ ሆና የታየቻችሁ እርሷ ባዶ ስለሆነች ነው ወይስ አንድም ቀን ምን ሆነሽ ነው ብሎ ከልቡ ያልጠየቃት ባል ስለሚነግረን? ደራሲዋ ለሴትዮዋ ምዕራፍ የነፈገቻት አስባበት ነው፤ ሴትዮዋ ለእኛ የማትገባን መሆኗም የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ ነው። “አልገባችኝም” የሚለው አስተያየታችሁ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ጉድለቱ እዚያ ላይ መቆሙ ነው።

ተራኪዋ ሴት ስትሆን ደግሞ ጥርጣሬው የማያስፈልግ ይመስላል፤ እንዲያውም ይበልጥ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 በጣሊያንኛ የወጡት የኤሌና ፌራንቴ አራት የናፖሊ ልብ ወለዶች የሁለት ጓደኛሞችን፣ የሊላንና የተራኪዋን የሌኑን፣ ሕይወት ከልጅነት እስከ እርጅና ይከተላሉ። ብዙ አንባቢ ሊላን ክፉ፣ ሌኑን ምስኪን አድርጎ ይወስዳል። የመጀመሪያው ቅጽ መግቢያ የተጻፈው ግን ይህን ለማስጠንቀቅ ነው፦ ሊላ በ66 ዓመቷ ፎቶግራፍ ውስጥ ያለውን ምስሏን ሳይቀር ቆርጣ አውጥታ፣ ዱካዋን ሁሉ አጥፍታ ስትሰወር፣ ሌኑ ተናድዳ፣ እልህ ይዟት ታሪካቸውን መጻፍ ትጀምራለች። እልህ ይዞት የሚጽፍ ሰው የሚለውን ሁሉ እንደወረደ መቀበል አይገባም። እኔ ቅጾቹን የማደንቀው ለዚሁ ነው፤ ሌኑ ስለ ጓደኛዋ የምትሰጠው ፍርድ ሁሉ የራሷንም ቅናት አብሮ ያጋልጣል። ደራሲዋ በብዕር ስም የምትጽፍ በመሆኗ “ከራሷ ሕይወት ነው የቀዳችው” የሚለው፣ ሴት ደራሲ በጻፈች ቁጥር የሚቀርብ አስተያየት እዚህ ብዙም መያዣ አያገኝም፤ ይህም በበኩሌ በጎ ነገር ነው።

የቾ ናም ጁን “ኪም ጂ ያንግ፣ በ1982 የተወለደችው” የሚለውን ልብ ወለድ ከእናንተ መካከል የሚወዱትም የሚጠሉትም በርካታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በደቡብ ኮሪያ የታተመው ይህ መጽሐፍ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። የአንዲት ተራ ሴትን ሕይወት ከልጅነት እስከ እናትነት በደረቅ ቋንቋ እየዘረዘረ፣ በየመሐሉ አኃዝና የግርጌ ማስታወሻ ያስገባል። “ይህ ሪፖርት እንጂ ልብ ወለድ አይደለም” የሚል ቅሬታ ይቀርብበታል፤ ቅሬታው ትክክል ነው፤ ሪፖርት ነው። የማን ሪፖርት እንደሆነ ግን የሚገለጠው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው (ላላነበባችሁ መጨረሻውን ስለነገርኳችሁ አትቀየሙኝ)። ሲተርክልን የቆየው ወንድ የአእምሮ ሐኪሟ ነው። በደሏን አንድ በአንድ መዝግቦ፣ የገባውም መስሎ ከታየ በኋላ፣ በእርግዝና ምክንያት በምትለቅ ሠራተኛው ምትክ ያላገባች ሴት ለመቅጠር ያስባል። ያ ድርቀት የሐኪም መዝገብ ድርቀት መሆኑን ስንረዳ መጽሐፉ መልኩን ይቀይራል። እንደ አርታዒ ከጠየቃችሁኝ የግርጌ ማስታወሻዎቹን በግማሽ እቀንሳቸው ነበር፤ ያቺን የመጨረሻ ገጽ ግን አልነካም።

ከሁሉም የከበደኝ የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ “ድሪም ካውንት” ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው “አሜሪካና” በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 ያሳተመችው ረጅም ልብ ወለድ ሲሆን የአራት ሴቶችን ሕይወት ይዟል። ከእነርሱ መካከል ሀብታሞቹ ቺያማካና ኦሜሎጎር “እኔ” ብለው ራሳቸው ይተርካሉ። የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ የሆነችውና በእንግዳ ጥቃት የሚደርስባት ካዲያቱ ግን በሦስተኛ መደብ ነው የምትተረከው። ካዲያቱን ለመፍጠር መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ዮርክ ሆቴል የደረሰ እውነተኛ ክስ መሆኑን ደራሲዋ በመጽሐፉ መጨረሻ ገልጻለች። ድኻዋ “እኔ” የማለት ዕድል መነፈጓ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ በሌላ በኩል በሕይወት ያለች ሴት የደረሰባትን መከራ በአንደኛ መደብ ልናገርላት ማለት ድፍረት ነው ብላ ደራሲዋ ራሷን ገትታ እንደሆነም ሊታሰብ ይችላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ምክንያቱም የካዲያቱ ክፍል ከአራቱ ሁሉ ይበልጥ የተረጋጋና ዝርዝሩ የተጠበቀ ሲሆን፣ የኦሜሎጎር ክፍል ግን አልፎ አልፎ ከገጸ ባሕርይ ንግግርነት ወጥቶ ወደ ጋዜጣ ዓምድ ይጠጋብኛል። ከአራቱ አንዷ የሆነችው ዚኮራ ጠበቃ ሆና ሳለ በሦስተኛ መደብ መቅረቧ ግን የእኔን አስተያየት የሚፈትን ነውና፣ በዚህ በኩል የምትከራከሩኝ ካላችሁ መንገዱ ክፍት ነው።

የመዓዛ መንግሥቴም “ዘ ሻዶው ኪንግ” እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ በማግስቱ ዓመት ለቡከር የመጨረሻ ዝርዝር የበቃ ሲሆን፣ ይህንኑ ጥያቄ በፎቶግራፍ በኩል ያነሣዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተማረከችውን ሂሩትን አንድ የጠላት ወታደር በካሜራ ያነሣታል፤ ልብ ወለዱም ፎቶግራፎቹን በቃላት እየሣለ፣ ምስሉ የደበቀውን በተራኪውና በዝማሬ መልክ በሚገባው የብዙኃን ድምፅ ይመልስላታል። ታሪኩ በጀግንነት የተሞላ ስለሆነ በስሜት ብቻ ማድነቅ ይቀናናል፤ ፎቶግራፎቹ የተገለጹባቸውን አጫጭር ክፍሎች ለብቻቸው ተመልሳችሁ ብታነቡ የተሻለ ታገኛላችሁ።

ወደ ሥራው ልምጣ። አስተያየት ስትጽፉ ያናደዳችሁን ቦታ ለዩና እዚያው ቦታ ላይ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ ምን ሊያውቅ እንደማይችል፣ ዝም ብሎ ያለፈው ምን እንደሆነ መዝግቡ። ትርጉም ከሆነ የተርጓሚውን ስም ጥቀሱ፤ የወደዳችሁት ዓረፍተ ነገር ግማሹ የእርሱ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላም መጽሐፉን ካልወደዳችሁት ሳትፈሩ ጻፉት። እኔም የበርናርዲን ኤቫሪስቶ “ገርል፣ ውመን፣ አዘር” እ.ኤ.አ. በ2019 ቡከርን ከማርጋሬት አትዉድ መጽሐፍ ጋር የተጋራ፣ የምወደውም ሥራ ሆኖ ሳለ መዝጊያው አልተዋጠልኝም። አሥራ ሁለት ገጸ ባሕርያትን አንዱን ከአንዱ ሳያስበልጥ በየተራ ሲያቀርብ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከእነርሱ የአንዷን፣ የፔነለፒን፣ የትውልድ ምስጢር በዘረመል ምርመራ ፈትቶ በእርሷ ስሜት ላይ ይዘጋል። የምትቃወሙኝ ብትኖሩ ጻፉልኝ፤ ክርክራችን ግን ደራሲዋ መዝጊያውን ለምን ለእርሷ እንደሰጠች እንጂ ፔነለፒ ደግ ናት ክፉ በሚለው ላይ አይሁን።