አገር አቀፍ ቻፕተር ከመመዝገቡ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ ማኅበረሰባችሁ በኦንላይን የሚሠራ የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነው፤ ዋናው ድርጅት የተመዘገበው በአንድ አገር ነው፤ አሁን የስድስት አገር አባላት ቻፕተር፣ ማለትም የየአገራቸው ቅርንጫፍ ማኅበር፣ ይቋቋምልን ብለዋል። በየአገሩ እናስመዝግብና ኃላፊ እንሹም ወይ? እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን ከሚመረምር ቡድን ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ። መልሴ፣ ለጊዜው አታስመዝግቡ፣ ኃላፊም ከላይ አትሹሙ ነው።

ማኅበር ሲመዘገብ ወረቀቱ አብሮ ይመጣል፦ ጠቅላላ ጉባኤ፣ የሒሳብ መግለጫ፣ ዓመታዊ ሪፖርት፣ የባንክ ፈራሚዎችን መቀያየር። በአንድ አገር ብርቱ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት ናቸው። አዲስ አባል ሲያስተምሩ፣ ሥራውን ሲያርሙና ሲያሟሉ የነበሩት እነዚያው ሰዎች ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ ይከርማሉ። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ እያየሁም አዝኛለሁ። የዊኪፔዲያ ዋና ድርጅት ዊኪሚዲያ ከ2014 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አዲስ ቻፕተር የሚፈልጉ አባላት አስቀድመው የተጠቃሚዎች ቡድን (ከቻፕተር የቀለለ ስብስብ) ሆነው ሁለት ዓመት ሥራ እንዲያሳዩ ማድረጉ ትክክል ነው እላለሁ። አንዳንዴም አዲስ ድርጅት ጭራሽ አያስፈልግም። በጣሊያን የኦፕንስትሪትማፕ (በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ነጻ የዓለም ካርታ) ቻፕተር ሆኖ የሚሠራው ቀድሞ የነበረው የዊኪሚዲያ የጣሊያን ቻፕተር፣ ዊኪሚዲያ ኢታሊያ፣ ነው። ከስድስቱ አገሮች በአንዱ ዓላማችሁን የሚጋራ የተመዘገበ ማኅበር ካለ መጀመሪያ እሱን አነጋግሩ።

ብዙ ሰው ችላ የሚለው በዋናው ድርጅትና በቻፕተሩ መካከል የሚፈረመውን ስምምነት ነው። እኔ ግን ከመተዳደሪያ ደንቡም አስበልጬ አየዋለሁ። ስሙና አርማው የዋናው ድርጅት ናቸው፤ ቻፕተሩ የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ ስምምነቱ ሲፈርስ ስሙን በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚተው መጻፍ አለበት። ሰዎቹ ወዳጆቻችን ናቸው ብላችሁ ይህን አንቀጽ እንዳታላሉት። ወዳጅነቱን የሚጠብቀውም ይኸው አንቀጽ ነው።

ዶሜይንም (የድረ ገጹ አድራሻ) እንደዚሁ ነው። በ2008 አንድ የጀርመን የፓርላማ አባል በዊኪፔዲያ ስለ እሱ በተጻፈ ጽሑፍ ምክንያት በጀርመኑ ቻፕተር በዊኪሚዲያ ጀርመን ላይ የፍርድ ቤት እግድ አወጣ። ማኅበሩ ጽሑፉን አልጻፈም፤ ሰርቨሩም የእሱ አልነበረም። ሆኖም የጀርመኑ ዶሜይን በእጁ ስለነበር ከዚያ አድራሻ ወደ ዊኪፔዲያ ማስተላለፉን ማቆም ግድ ሆነበት። ፖለቲከኛው ከቀናት በኋላ እግዱን ተወው። እንግዲህ ከሳሽ የሚፈልገው በአገሩ የሚገኝ፣ መጥሪያ የሚደርሰው አካል ነው። ቻፕተሩ በይዘት ላይ ሥልጣን እንደሌለው በስምምነቱ አስፍሩ፤ በሥራም አሳዩት። ዶሜይኑን በዋናው ድርጅት ስም ብትይዙት እመርጣለሁ።

ስለ ገንዘብ፦ የአባልነት መዋጮና ለራሱ ሥራ የሚያገኘው ድጋፍ የቻፕተሩ ይሁን። በጋራው ድረ ገጽ የሚሰበሰበው ልገሳ ግን ለጊዜው ወደ ዋናው ድርጅት ይግባ። በዊኪሚዲያም ይህ ጉዳይ ብዙ አከራክሮ፣ በ2012 የቦርዱ ውሳኔ በድረ ገጹ የሚሰጠውን ልገሳ ራሳቸው መቀበል የሚችሉትን ቻፕተሮች በአራት ወስኗል፦ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ብሪታንያና ስዊዘርላንድ።

ታዲያ መመዝገብ መቼ ይገባል? የራሳቸው የባንክ ሒሳብ ሲያስፈልጋቸው፣ ሠራተኛ ሲቀጥሩ፣ ወይም ለጋሾች የግብር ቅናሽ የሚያገኙት በአገሩ ለታወቀ በጎ አድራጎት ሲሰጡ ብቻ ሲሆን። ይህም ጊዜ ይወስዳል። የብሪታንያው ቻፕተር በ2008 ተቋቁሞ የበጎ አድራጎት ድርጅትነት እውቅና ያገኘው በ2011 ነው።

ኃላፊን በተመለከተ፣ ተሿሚ ተጠሪነቱ ለሾመው ነው፤ አባላቱም ያውቁታል። አስተባባሪዎችን ራሳቸው ይምረጡ። ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ግን ይህን ነው፦ የቻፕተሩ አባል ያልሆነ ሰው በማኅበረሰባችሁ ውስጥ ከአባሉ ያነሰ መብት እንዳይኖረው። የቻፕተር ቦርድ አባል መሆን የሌላውን ሥራ ለመሰረዝም ሆነ ሰው ለማገድ ሥልጣን አይሰጥም። ቋንቋን ከአገር ጋር አታምታቱ ደግሞ። በጀርመንኛው ዊኪፔዲያ የሚጽፉ ሰዎች ጀርመናውያን ብቻ አይደሉም፤ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድም የየራሳቸው ቻፕተር አላቸው፤ ቋንቋውን የእኔ ነው ብሎ የሚያዝበት ግን አንዳቸውም የሉም። በእናንተም ዘንድ አንድ ቋንቋ በሁለት አገር የሚነገር ከሆነ ይህን ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት፤ ዘግይቶ ሲነሳ ሰው ይቀያየማል።

አሁን ስድስቱም ቡድኖች የአንድ ዓመት የሥራ ዕቅድና ሥራውን የሚሠሩትን ሰዎች ስም ያቅርቡ። ዕቅዳቸው ጠንካራ ከሆነው ሁለቱን ምረጡና በእነሱ ጀምሩ፤ ሌሎቹም ምክንያቱ ይነገራቸው። የስምምነቱን ረቂቅ ስታዘጋጂ ብትልኪልኝ አንቀጽ በአንቀጽ አብሬሽ አያለሁ።