«ደህና ነኝ» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ትከሻውን በሌላኛው እጁ ደግፎ የሚገባ ወጣት ሳይ፣ ሳይነግረኝ ግማሹን ታሪክ አውቀዋለሁ። በፊዚዮቴራፒ ሥራ ከቆየሁ 30 ዓመት አልፎኛል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ጂም ከጓደኛዬ ጋር ስንሠራ...» ብሎ ይጀምራል። ወደ መጨረሻው ደግሞ ያቺ ንግግር አትቀርም፤ «እንደደከመኝ ገብቶኝ ነበር፤ ግን አልነገርኩትም።»

ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚያች «አልነገርኩትም» ነው።

ብቻችሁን ስትሠሩ ነገሩ ቀላል ነው። ሲደክማችሁ ታቆማላችሁ። ውሃ ትጠጣላችሁ፤ ስልክ ትነካካላችሁ። ማን ያያል? በጥንድ ሲሆን ግን ጓደኛችሁ 15 በርፒ (በእጅ ተደግፎ እግርን ወደ ኋላ መዘርጋት፣ ከዚያ ተነስቶ መዝለል) እስኪጨርስ እናንተ ፕላንክ ይዛችሁ፣ በክንድና በእግር ጣት ተደግፋችሁ ሰውነታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ትቀያየራላችሁ። እሱ በዘገየ ቁጥር የእናንተ ስቃይ ይረዝማል፤ እናንተም ስትዘገዩ የእሱ። እዚህ ላይ የሰው ቆጠራው ከሳንባው ቀድሞ ይደክማል። «አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት...» ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። እኔም አድርጌዋለሁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ማክሲሚሊያን ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ግን ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ጉልበታቸውን ለካ፤ ውጤቱንም በ1913 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ሰው በተጨመረ ቁጥር እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት እየቀነሰ ሄዶ ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ገመዱን ስምንት ሆናችሁ ስትጎትቱ የማን እጅ እንደላላ አይታወቅም።

በ1920ዎቹ ደግሞ ኦቶ ኮለር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ተቃራኒውን አገኘ። በበርሊን የጀልባ ቀዘፋ ክበብ አባላትን መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎ በጥንድ ክብደት አስነሳቸው። በጥንድ ሲሆን አንዱ ካቆመ ሌላኛውም መቀጠል አይችልም። ያን ጊዜ ደካማው ለብቻው ከሚችለው በላይ ቆየ። ይህ በደንብ የታየው የሁለቱ አቅም በመጠኑ ሲለያይ ነው። እኩል ሲሆኑም ሆነ በጣም ሲራራቁ ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ አብሯችሁ የሚሠራ ስትመርጡ ትንሽ የሚበልጣችሁን ፈልጉ። በጣም የሚበልጣችሁ ሰው ተስፋ ያስቆርጣችኋል። እሱም ቢሆን ይሰለቻችኋል፤ ይሉኝታ ይዞት ዝም ቢልም።

ታዲያ ያን ደካማ ቀዛፊ ያቆየው ምንድን ነው? አንዱ ነገር እኔ ነኝ ያስቆምኩት መባልን መፍራት ነው። ያው ፍርሃት ነው እኔ ዘንድ ታካሚ የሚያመጣውም።

የራሴን ልንገራችሁ። የ23 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቤንች ፕሬስ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት፣ በየተራ እንሠራለን። እሱ እንደ ጨረሰ እኔ እተኛለሁ፤ እኔ ስነሳ እሱ። አራተኛው ዙር ላይ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እንዴት ነህ?» አለኝ። «ደህና ነኝ!» አልኩት። ድምፄን ጎርነን አድርጌ። እሱም አምኖኝ ፎጣውን ሊያነሳ ዞረ። ብረቱ ስድስተኛው ላይ ግማሽ መንገድ ወጥቶ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ደረቴ ላይ ወረደ። እንደ ሊፍት። ጓደኛዬ ሲዞር እኔ መጮህ እንኳ አልቻልኩም፤ አየሩ ወጥቷል። አጥንቴ አልተሰበረም። ግን ለ3 ሳምንት ስስቅ ያመኝ ነበር። እሱ ደግሞ በየቀኑ ያስቀኛል።

ለረጅም ጊዜ በፎጣው ተቀይሜ ኖርኩ። ኋላ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰውዬው የጠየቀኝን ጠይቋል፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ «እንዴት ነህ?» የሚባለውን ጥያቄ ተውኩት። መልሱ ሁልጊዜ «ደህና» ነው። ጉነር ቦርግ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ሰው የተሰማውን ድካም በቁጥር የሚናገርበት መለኪያ ሠርቷል። የመጀመሪያው ከ6 እስከ 20 ነው፤ ከ0 እስከ 10 የሆነም አለው። ጂም ውስጥ ሁለተኛው ይቀላል። «ስንት ላይ ነህ?» በሉ። «ስምንት።» አለቀ። «ደከመኝ» ለማለት የሚያፍር ሰው ቁጥር ለመናገር አያፍርም። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ይሠራል። ዘጠኝ ካለ ቀጣዩን ዙር ታሳጥራላችሁ፤ ክብደቱን ትቀንሳላችሁ። ብረት ላይ ስትተኙ ደግሞ ስንት ጊዜ ለመግፋት እንዳሰባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከራስጌያችሁ የሚቆመው ብረቱ እየወጣ ሳለ አይንካው። ሲቆም ወይም «ያዝ!» ስትሉ ይያዝ። ዓይኑ ግን ከብረቱ አይነሳ። ፎጣው የትም አይሄድም።

የመጀመሪያው ዙር ያታልላል። ለአጭርና ለከባድ ሥራ ጡንቻ የሚጠቀምበት ክሬቲን ፎስፌት የሚባል ስንቅ አለ። በሰከንዶች ይመናመናል። አብዛኛው ተመልሶ እስኪሞላ ግን ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ጓደኛችሁ 40 ሰከንድ ሲሠራ እናንተ የምታርፉት ያችኑ 40 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር የምትጀምሩት ባልሞላ ስንቅ ነው። ሦስተኛውን በባሰ። 100 ስኳት (ቁጭ ብድግ) ለሁለት ከተሰጣችሁ ሃያ አምስት ሃያ አምስት እያላችሁ አትፎክሩ። አሥር አሥር ተቀባበሉ። ከመሰናከላችሁ በፊት አስረክቡ። ትንፋሽ ይዛችሁ አትግፉ፤ ስትገፉ አስወጡት።

ደረት የሚጨመድድ ሕመም ወይም ራስ ማዞር ከመጣ በዚያች ቅጽበት ይቆማል። ዙሩ ቀረ፣ ጓደኛዬ ምን ይለኛል የለም።

ከረጅም እረፍት በኋላ የምትመለሱ ደግሞ በተለይ ስሙኝ። ከሥራ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ጡንቻ መታመሙ የተለመደ ነው። ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው የሚባለው ስህተት ነው፤ እሱማ ሥራው ካበቃ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይጸዳል። ግን ሕመሙ ከልክ ካለፈ፣ ጡንቻው ካበጠ፣ ሽንታችሁም እንደ ደማቅ ሻይ ከጠቆረ ለነገ አይባልም። የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ። አብሯችሁ የሠራውንም ደውላችሁ ጠይቁት። እሱም ያንኑ ነው የሠራው፤ እሱም ደህና ነኝ ይላል።

ያ የፎጣው ጓደኛዬ ዛሬም አለ። ፀጉራችን ነጥቷል፤ ብረቱም ቀሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። ስተኛ ከራስጌዬ ይቆምና «ስንት ጊዜ ትገፋለህ?» ይለኛል።

«ስምንት» እለዋለሁ።

ዝም ብሎ ያየኛል።

«እሺ፤ ስድስት።»