ከቫይረሱ ቁጥር ይልቅ የትንፋሿ ቁጥር

ጤና ይስጥልኝ። የ14 ወር ልጄ ዴይኬር ከጀመረች ወዲህ ጉንፋን ከቤታችን አልወጣም። ትናንት ሳሏ ስለጠና አስመረመርናት፤ ከአፍንጫዋ በተወሰደው ናሙና አርኤስቪና ራይኖቫይረስ የተባሉ ሁለት ቫይረሶች ተገኙባት። ሐኪሙ ግን ያለ መድኃኒት ሸኘን። ሁለት በሽታ ይዛ እንዴት ዝም ትባላለች? ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አለ፤ እናቴ ደግሞ በስልክ «ዳማከሴ ጨምቀሽ በአፍንጫዋ አድርጊላት» ትለኛለች።
እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦
እህታችን፣ ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም ስለሰፈረ ሕመሙ እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። ምርመራው የሚፈልገው የቫይረሱን ዘረመል ነው፤ የራይኖቫይረስ (የተራ ጉንፋን ቫይረስ) ዘረመል ደግሞ ጉንፋኑ ከለቀቀም በኋላ ለሳምንታት አፍንጫ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ያለፈው ጉንፋን ርዝራዥ ሊሆን ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስበው የሕፃናትን የሳንባ ቱቦ የሚያጠቃው አርኤስቪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይብሳል። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን የሚገድል አንቲባዮቲክ ስለሆነ ሁለቱንም ቫይረሶች አይነካም፤ ትርፉ ተቅማጥ ነው። ዳማከሴውም ይቅር፤ ጭማቂው ትን ሊላት ይችላል።

ይልቅ ትንፋሿን ይቁጠሩ። ተኝታ ወይም ረጋ ብላ ሳለ ልብሷን ገልጠው ሙሉ 60 ሰከንድ፤ ሆዷ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። የ15 ሰከንዱን በ4 ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለም። ትኩሳትም ስለሚያፈጥነው ሲበርድላት ይድገሙት። በእሷ ዕድሜ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ ሥር የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ መጠጣት ካቃታት ወይም ከደነዘዘች ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

አፍንጫዋ ሲደፈን መጥባትም መተኛትም ያቅታታል። ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት በየቀዳዳው 2 ወይም 3 ጠብታ የጨው ውሃ (ከፋርማሲ የተገዛ) ያድርጉ፣ አንድ ደቂቃ ቆይተው በመምጠጫው ይሳቡ። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ መሳብ ግን አፍንጫዋን ሊያቆስለው ይችላል። ፈሳሽ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይስጧት፤ 8 ሰዓት ሙሉ ዳይፐሯ ደረቅ ከሆነ ይደውሉ።

ለትኩሳት ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) የሚሰጠው በኪሎዋ ልክ ነው። 10 ኪሎ ከሆነች፣ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ 3.75 ሚሊ ሊትር፣ በየ6 ሰዓቱ። በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በስሪንጅ ይለኩ። የጉንፋን ሽሮፕ አይጨምሩበት፤ ብዙዎቹ ያንኑ መድኃኒት ስለያዙ መጠኑ ይደራረባል። አስፕሪን ጨርሶ አይሰጥም።

ትኩሳቷ ለቋት፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ ከመጣ ወይም ጆሮዋን እየነካች ካለቀሰች ባክቴሪያ ተደርቦባት ሊሆን ስለሚችል ይመለሱ። አንቲባዮቲክ ካስፈለጋት ያኔ ነው፤ እሱም ለክብደቷ የታዘዘ እንጂ የቤቱ ትራፊ አይደለም።