ወደ ኮንቬንሽን ለመሄድ ላሰባችሁ

ውድ ወጣቶች፣

የ2024ቱ የዴሞክራቲክ ፓርቲ የቺካጎ ጉባኤ (ኮንቬንሽን) በቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ፣ ታክስ ለማሠራት ቢሮዬ ከምትመጡት አንዳንዶቻችሁ ፎርሙን ገና ሳንጨርስ ትጠይቁኛላችሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ ዴንቨር በዴሌጌትነት ሄደው የለ? እንዴት ነው የሚገባው?» ቆሜ ሳወራ ወረፋ የያዘው ሰው ሰዓቱን ያያል። ስለዚህ ልጻፈው ብያለሁ። ዴሌጌት ማለት የክልሉን ድምፅ ይዞ የፓርቲው የፕሬዚዳንት እጩ ወደሚሰየምበት ጉባኤ የሚሄድ ተወካይ ነው፤ እኔ የሄድኩት በ2008 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለባችሁ፣ በቴሌቪዥን ያያችሁት አዳራሽ ውስጥ ብዙ የሚወሰን ነገር እንደሌለ ነው። ቺካጎ ላይ ያ ሁሉ የስም ጥሪ፣ ማለት ክልሎቹ ተራ በተራ እየተጠሩ ድምፃቸውን የሚያሰሙበት፣ በዲጄ ታጅቦ፣ ጆርጂያ በራፐሩ በሊል ጆን እየተጨፈረላት ሲካሄድ፣ ካማላ ሃሪስ በኢንተርኔት በተሰጠ ድምፅ እጩ ከሆኑ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል። በኛም ጊዜ ቢሆን እንዲሁ ነበር። ኦገስት 27 ቀን 2008 ድምፃችንን የሰጠነው ጠዋት፣ ሆቴል ውስጥ ቁርስ ላይ ነው። ወረቀቱ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየዞረ፣ አንዱ በአንድ እጁ እንቁላሉን እየቆረጠ በሌላው ይፈርማል። ከሰዓት በኋላ የጉባኤው አዳራሽ፣ ፔፕሲ ሴንተር ገብተን ክልሎቹ በፊደል ተራ ሲጠሩ ኒው ሜክሲኮ ተራዋን ለኢሊኖይ ለቀቀች፣ ኢሊኖይ ለኒው ዮርክ ለቀቀች። የኦባማ ተፎካካሪ የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን ተነሥተው ደንቡ ለጊዜው ታግዶ ኦባማ በእልልታ እጩ ይሁኑ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። አዳራሹ ጣራው ሊነቀል ደረሰ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊት በፒን የተሞላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ በመገኘቴ ዕድለኛ ነኝ። ነገር ግን ያ ሁሉ ጩኸት ያጸደቀው ጠዋት የተፈረመውን፣ ያም ከወራት በፊት ሕዝቡ በየክልሉ የመረጠውን ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1924 ኒው ዮርክ ላይ ዴሞክራቶች አንድ እጩ ለመምረጥ 103 ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል። ከ1952 ወዲህ ግን በሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች ከመጀመሪያው ዙር ያለፈ የለም። ለምን እንደተለወጠ ለመረዳት ከአትላንቲክ ሲቲው የዴሞክራቶች ጉባኤ መነሣት አለባችሁ። በ1964 ጥቁሯ የመብት ታጋይ ፋኒ ሉ ሄመርና ጓደኞቻቸው ከሚሲሲፒ መጥተው፣ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የክልላቸው ወንበር የኛም ነው ብለው የውክልና ማረጋገጫ ኮሚቴው ፊት ቆሙ። ሴትዮዋ ለመራጭነት ልመዝገብ በማለታቸው ከሥራ መባረራቸውን፣ እስር ቤት ውስጥ መደብደባቸውን ሲናገሩ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ካሜራው ወደ ራሳቸው እንዲዞር ድንገት መግለጫ ጠሩ። በኋላ ለቡድኑ ሁለት ወንበር ብቻ ተሰጠው፤ አልቀበልም አለ። ከአራት ዓመት በኋላ ቺካጎ ላይ ሄመር ሙሉ ዴሌጌት ሆነው ተቀመጡ። በዚያው በ1968 ጉባኤ ግን ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሂዩበርት ሃምፍሪ አንድም የክልል ምርጫ ሳይወዳደሩ እጩ ሆኑ፣ ደጅ ደግሞ ፖሊስ ሰልፈኛውን ይደበድባል። ከዚያ ውርደት በኋላ ነው ደንቡ እንደገና ተጽፎ፣ ዴሌጌት የመምረጡ ሥልጣን ከጥቂት አለቆች ወደ መራጩ የተሻገረው። ዛሬ በዴሞክራቶች ዘንድ ከየክልሉ ከሚሄደው ግማሹ ሴት መሆን አለበት። ለወጣቶችም እያንዳንዱ ክልል የሚያስቀምጠው ግብ አለ፤ እናንተን የሚመለከተው ይሄ ነው።

ታዲያ በር የሚከፈተው የት ነው? ያለሁበትን ቨርጂኒያን ልንገራችሁ። እዚህ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይመርጥም። የክልሉ የፕሬዚዳንት እጩዎች ምርጫ ካለፈ በኋላ በጸደይ በየከተማውና በየካውንቲው ኮከስ፣ ማለት የፓርቲው ደጋፊዎች ተወካይ የሚመርጡበት ስብሰባ፣ ይጠራል፤ ከዚያ ወደ ኮንግረስ ወረዳው ስብሰባ፣ ከዚያ ወደ ክልሉ ኮንቬንሽን ይወጣል። የመጀመሪያው ስብሰባ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ውስጥ ነው የሚሆነው። ወንበሩ ለልጅ የተሠራ፣ ማይክሮፎኑ የሚያንባርቅ። የሚመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ሠላሳ ጓደኛ ይዞ የገባ ሰው ውጤቱን ሊገለብጥ ይችላል። እኔን የመረጡኝ የንግግር ችሎታዬን ዓይተው አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የታክሲ ሾፌሮችና አንዲት ነርስ በሌሊት ፈረቃዋ ማግስት ዓይኗን እያሸች መጥተውልኝ ነው። በኖቬምበሩ ምርጫ ቀን 18 ዓመት የሚሞላችሁ ከሆነ ከዚያ በፊት በ17 ዓመታችሁ በክልሉ የፓርቲ ምርጫ መሳተፍ ትችላላችሁ። ይህንን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው፤ ለታናናሾቻችሁም ንገሩ።

የስብሰባ ወግ ደግሞ እንግዳ እንዳይመስላችሁ። እናቶቻችሁ እድር ላይ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ አጀንዳ አይከፈትም ብለው ሲሟገቱ ሰምታችኋል። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ፣ ማሻሻያ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የፈረንጁም ይኸው ነው። ልዩነቱ እድር ላይ ማንም ሰው አይቸኩልም።

ሪፐብሊካንም ሆናችሁ ብትሄዱ ነገሩ ያው ነው። በ2016 ክሊቭላንድ ላይ ትራምፕን ያልፈለጉ ዴሌጌቶች ደንቡ በስም ጥሪ ይመረጥ ብለው ጮኹ፣ ፊርማም አሰባስበው አቀረቡ። ሰብሳቢው በቃል ድምፅ አልፏል፣ በቂ ክልልም አልጠየቀም ብለው ዘጉት፤ የኮሎራዶ ሰዎች ተነሥተው ወጡ። ዋናው ግን የደንብ ኮሚቴው ከሳምንቱ በፊት ተቀምጦ አጽድቆት ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ይህን ያለ ምክንያት አላመጣሁትም። ወደ ዴንቨር ስሄድ የሀገራችን ሰዎች አደራ አሸክመውኝ ነበር። ኮንግረስማን ዶናልድ ፔይን ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲ ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ፣ ኤች አር 2003፣ በኦክቶበር 2007 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ቆሞ ነበርና «እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለኢትዮጵያ ጩኽልን» አሉኝ። የሚጮህበት ቦታ የለም። የፓርቲው የአቋም ሰነድ በጁላይ በየሠፈሩ ተወያይተውበት፣ በኦገስት መጀመሪያ ኮሚቴው ፒትስበርግ ላይ አጽድቆት ያለቀ ነው። ረቂቁን ማንቀሳቀስ የሚችሉት ደግሞ ሴናተሮቹ ናቸው፤ ቢሯቸው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ ደብዳቤም ይቀበላል። ከናንተ ውስጥ ለየትኛውም ጉዳይ ለመሟገት የምትሄዱ ካላችሁ ለኮሚቴው ምስክርነት የሚሰጥበትን ቀን ፈልጉ። ባንዲራ ይዞ ለቲቪ ካሜራ መወዛወዝ ለፌስቡክ ይሆናል እንጂ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም። ባንዲራው ላይም መጀመሪያ መስማማት አለባችሁ፤ እሱን ለናንተ ልተወው።

ስለ ሳምንቱ ኑሮ ጥቂት ልበል። የመግቢያ ባጁ ለየቀኑ የተለየ ነው፣ የሚታደለውም ጠዋት በክልላችሁ ቁርስ ላይ ነው። ሌሊቱን ሲጨፍር አድሮ የተኛ ሰው ባጁ ያልፈዋል፣ ማታ ደጅ ይቀራል። ቀን ቀን ለተለያዩ ቡድኖች የሚደረጉ ስብሰባዎች አሉ፤ ከዋናው አዳራሽ ይልቅ እዚያ ተገኙ፤ ከከንቲባ፣ ከማኅበር መሪ ጋር ቁጭ ብሎ ለማውራት ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ማታ ፖስተሩን የሚያድሉት ሰዎች የቱ መቼ እንደሚነሣ ይነግሯችኋል፤ ካልፈለጋችሁ ከወንበራችሁ ሥር አስቀምጡት፣ ማንም አይቆጣችሁም። ምቹ ጫማ አድርጉ። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ የክልሌ ሰዎች ደረጃው ላይ ሲያለከልኩ እኔ ከ2,300 ሜትር ከተማ የመጣሁ ሰው ነኝ ብዬ ስኮራ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ቨርጂኒያ የአዲስ አበባውን ሳንባ ወስዳብኛለች።

ወጪውን ፓርቲው አይከፍልላችሁም። ሆቴሉ ለክልላችሁ የተመደበው ነው፣ ርካሽ አይደለም፤ ከአውሮፕላኑ ጋር ተደምሮ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይሆናል። ከቤት ኪራይ ቆርጣችሁ አትሂዱ። አንዳንድ የክልል ፓርቲዎች ለአቅመ ደካማ ድጋፍ ያሰባስባሉ፣ ከመመረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ከአሠሪያችሁም ፈቃዱን በጊዜ ውሰዱ። እንደ ሂሳብ ሠራተኛነቴ የምነግራችሁ ይሄ ነው፤ ወጪውን ከታክስ ላይ ለመቀነስ አትሞክሩ፣ አይሆንም።

የ2028 ነገር ከወዲሁ ይጀመራል። እያንዳንዱ ክልል ዴሌጌት እንዴት እንደሚመርጥ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የማመልከቻውን ቀነ ገደብ የሚያስቀምጥ እቅድ ይጽፋል፤ ከመጽደቁ በፊት ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥበት ለ30 ቀን ይወጣል። ከኔ ዘንድ ስትመጡ ያንን ሰነድ አንብባችሁ፣ የገረማችሁን ገጽ አስምራችሁ ኑ። የታክስ ማስገቢያው ቀን ካለፈ፣ ከአፕሪል 15 በኋላ ቢሆን ይመረጣል።