ፒ0340 ወጣ ማለት ሴንሰሩ ሞተ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ የ2004 ኮሮላህ (1ዜድዜድ ሞተር) ፒ0340 የሚባለውን የብልሽት ኮድ ስላወጣ የካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) ሴንሰሩን አስቀይረሃል፤ በሳምንቱ የቼክ ኢንጂን መብራት ተመልሶ በራ፤ ጠዋት ጠዋትም ሞተሪኖው ብዙ ካዞረ በኋላ ነው የሚነሳው ብለሃል። ጋራዡ አሁን ደግሞ ሌላ ሴንሰር ግዛ እያለህ ነው። እባክህ አትግዛ፣ መጀመሪያ ለካ።

የሞተሩ ኮምፒውተር ያለው "ከካምሻፍት በኩል የምጠብቀው ምልክት አልደረሰኝም" ብቻ ነው። ምልክቱ ሴንሰሩ ውስጥ ይጥፋ፣ ሶኬቱ ላይ ይጥፋ፣ ሽቦው መሀል ይጥፋ አያውቅም። ይህን እያወቁ ስካነር ሰክተው፣ የኮዱን ስም አንብበው "ቀይረው" ብለው የሚሸኙ ጋራዦች ናቸው ሰውን ሶማሌ ተራ የሚያመላልሱት። አንዴ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ የሚመልስልህ ሱቅ የለም።

1. ስካነሩን እንደገና ስካና አብሮ የወጣ ኮድ ካለ እይ። ፒ0016 አብሮት ካለ ሴንሰሩን ለጊዜው ተወው። ያ ኮድ ካምሻፍቱና ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) አልተጣጣሙም ማለት ነው፤ የሚጠረጠረው የተለጠጠ ወይም ጥርስ የዘለለ የታይሚንግ ሰንሰለት፣ ወይም በቆሸሸ ዘይት የተያዘ የቪቪቲአይ (የካምሻፍቱን ጊዜ የሚያስተካክለው) ቫልቭ ነው። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከሰንሰለቱ በኩል የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ፒ0335 ከሆነ ወይም ሞተሪኖው እያዞረ ስካነሩ ላይ አርፒኤም (የሞተሩ ዙር) ዜሮ ከሆነ ፊትህን ወደ ክራንክሻፍት ሴንሰሩ አዙር።

2. ባትሪውን ለካ። ያንተ ሴንሰር ሁለት ሽቦ ያለው የማግኔት ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሪኩን ራሱ የሚያመነጨው ካምሻፍቱ ላይ ያሉት ሦስት ጥርሶች በፊቱ ሲያልፉ ነው። ሞተሪኖው በደከመ ባትሪ ቀስ ብሎ ካዞረ ምልክቱም ይደክማል። እያዞረ ባትሪው ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ መጀመሪያ እሱን አስተካክል።

3. አሁን ሴንሰሩን ለካ። ቦታው ሲሊንደር ሄዱ ላይ፣ በካምቢዮው በኩል ባለው ጫፍ ነው። ሶኬቱን ንቀልና መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገህ ሁለቱን የሴንሰሩን እግሮች ንካ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ከ835 እስከ 1400 ኦም፣ ሲሞቅ ከ1060 እስከ 1645 ኦም መሆን አለበት።

ብዙ ደህና ሴንሰር የሚጣለው እዚህ ላይ ነውና ልብ በል። ውስጡ የተጠመጠመው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል፤ ይህ ጤነኛ ጠባዩ ነው። መኪናው እየተነዳ ጋራዥ ገብቶ፣ ሞተሩ እንደጋለ ይለካና 1500 ኦም ይወጣል፤ መካኒኩ ከቀዝቃዛው ቁጥር ጋር አወዳድሮ "አልፏል፣ ተቃጥሏል" ይላል። ደህናው ኦሪጅናል ተጥሎ ምንነቱ የማይታወቅ ኮፒ ይገባል፤ ችግሩ ያለበት ሽቦ ግን እንዳለ ይቀራል። የድሮው ሴንሰርህ ጋራዡ ዘንድ ካለ ዛሬውኑ ሄደህ ተቀበል፤ ንብረትህ ነው። ቀዝቃዛውን ለካው፣ ከአዲሱ ጋር አስተያየው።

ኦሙ ልክ ቢሆንም ሥራው አላለቀም። አንዱን እግርና የሴንሰሩን ብረት አካል ስትለካ ምንም ንባብ መኖር የለበትም፤ ካለ ማሳ አድርጓል፣ ማለትም ውስጡ ያለው ሽቦ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል። ቀጥሎ መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርግና ሰው ሞተሪኖውን ያዙርልህ። ቁጥሩ ትንሽም ቢሆን ከተነቃነቀ ሴንሰሩ ምልክት እየሰጠ ነው። ጭራሽ ዜሮ ከሆነ ፈትተህ ጫፉን እይ፤ ማግኔት ስለሆነ የብረት ብናኝ ይሰበስባል፣ በጨርቅ ይጠረጋል።

(ሱዙኪ ወይም ሂዩንዳይ ይዞ ይህን ለሚያነብ፦ ሴንሰሩ ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ በኦም አትለካው፣ ምንም አይነግርህም። ቁልፉን ከፍተህ ሶኬቱ ላይ መብራትና ማሳ መድረሳቸውን አረጋግጥ፤ ከዚያ ሶኬቱን መልሰህ ሰክተህ ሞተሩ ሲዞር የምልክቱ ሽቦ ከፍ ዝቅ ማለቱን ተከታተል።)

ያንተ ጉዳይ ግን ወደ ሽቦው ያደላል፣ ምክንያቱም አዲስ ሴንሰር ገብቶም ኮዱ ተመልሷል። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀል፣ ከኮምፒውተሩ በኩል ያለውንም ሶኬት ንቀል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ሽቦውና ማሳ መካከል ደግሞ ከ10 ኪሎ ኦም በላይ። ስትለካ ሽቦውን ከሶኬቱ አጠገብ ያዝና ወዘወዝ አድርገው፤ ቁጥሩ ከዘለለ ስብራቱ እዚያው ነው፣ ላስቲኩ ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ተበጥሶ ይገኛል። የመልቲሜትሩን ወፍራም ጫፍ ሶኬቱ አፍ ውስጥ አትክተት፤ የሴቷን ፒን ይከፍታታል፣ ከዚያ በኋላ አጥብቆ አይዝም። ቀጭን ስፒል በጀርባ በኩል አስገባ። ፒኑ ላይ አረንጓዴ ዝገት ወይም ዘይት ካለ በኮንታክት ክሊነር አጽዳ፤ የሶኬቱ መቆለፊያ ጥርስ ከተሰበረም ሶኬቱ ይቀየር፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ማሰር መፍትሔ አይደለም።

የተበጠሰ ሽቦ በስታኞ ይበየድ። ሽቦውን የሸፈነውን የሽቦ መረብ ቆርጠው የሚጥሉት አሉ፤ እሱ ከካንዴላ ኮይሎቹ የሚመጣውን ረብሻ የሚከላከል ስለሆነ እንደነበረ ይመለስ።

ሴንሰሩን ስትመልስ የጎማ ቀለበቱን በሞተር ዘይት ቀባ፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ ብሎኑን አስገባ። ጥብቀቱ 9 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በጉልበት ከታሰረ ጆሮው ይሰነጠቃል።

ኮዱን አጥፍተህ ንዳው። ገና ሞተሪኖው ሲያዞር ከተመለሰ መስመሩ እንደተቋረጠ ነው። ሞተሩ ከጋለ በኋላ ብቻ ከተመለሰ፣ እንደጋለ ቆም ብለህ ሴንሰሩንም ሽቦውንም ደግመህ ለካ። ያገኘኸውን ኦም፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ወይስ ሙቅ እንደነበረና የኮዶቹን ዝርዝር እዚሁ ጻፍልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።